ማጭድ ያልነካው ጨፌ

መርሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለህሊና፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የሎጊያ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ጉልበቴስ በቅባት ይታሻል። ጆሮዬን ደሴ ወስጄ እንዳሳየው በየደብዳቤሽ ትጨቀጭቂኛለሽ። ሰምቻለሁ፣ ማለቴ አንብቤያለሁ። አልሄድም። የመሠረተ ትምህርት ፊደል ይኑርልኝ፤ ቢኒያምም በአይሱዙው ሽንኩርት ወደናንተ እስካመላለሰ ድረስ ወሬያችን አይቋረጥም። ስልኩን ግን ተይው፣ እሱ ለኔ ዕቃ ነው።

ሽመላዎቹ መጥተው እንደሆነ ጠይቀሻል። መጥተዋል። ሙባረክ ማሽላውን ከሚጠብቅበት ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፉ ወደ ሰማይ ሲያመለክተኝ ቀና ብል፣ ከሲሪንቃ በኩል እየዞሩ እየዞሩ ይወርዳሉ። ዳክዬዎቹም በነጋታው ደረሱ። ዘንድሮ ውሃው ሞልቶ ስለነበር ጨፌው እስከ ወንዙ ዳር ነጭ በነጭ ሆኗል። ሽመላዎቹ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው መንቆራቸውን ሲያንቀጫቅጩ አያለሁ፤ ድምፁ ግን አይደርሰኝም። ልጄ ይታገሱ ትንሽ ሆኖ በሁለት ማንኪያ ያስመስላቸው ነበር።

የመንደሩ ጎረምሶች በመስቀል ማግስት ደጄ መጥተው ነበር። የጨፌውን ውሃ በፓምፕ ስበው ሽንኩርት ሊያደርጉበት አስበዋል። ሥራ አጥተው ተቀምጠዋልና አልፈርድባቸውም። እኔም በረጋ ቃል መለስኩላቸው። ጨፌው ወፎቹ ከመጡበት እስኪሄዱ ድረስ ክልክል ነው፤ ይህን የሚጠብቀው የጨፌ አባት ነው፤ የጨፌ አባት የሚለወጠው ደግሞ ሲሞት ወይ በትሩን በገዛ እጁ ሲያስረክብ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት የነሱው አያቶች ናቸው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ተቀምጠው። የጨፌ አባት ይታገሱ ነው፣ ልጄ ዓረብ አገር ነው እንጂ አልሞተም፣ በትሩም ይኸው ከግድግዳዬ ተሰቅሏል አልኳቸው። አክብረውኝ ሄዱ።

የሱን ድርሻም እንደ አምናው አላስነካሁም። ጨፌው ሲከፈት የመጀመሪያው ማጭድ የጨፌ አባት አይደል? ራሱ መጥቶ ያጭደዋል። ባልሽ ከሄደ አራተኛ ዓመቱ ነውና ሣሩ ከኔ ቁመት በልጧል፤ ዳክዬዎቹ እዚያ ገብተው ያድራሉ።

ከደብዳቤሽ ግርጌ በትንንሹ የጻፍሽውን ዓይኔ አልለየውም። መነጽሬ ደክሟል።

እናትሽ ወርቅነሽ


ሎጊያ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ወርቅነሽ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መልሴ በመዘግየቱ አፈር ልሁንልዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። ቢኒያም ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ሰደድኩት። ጽፌ ነበር፣ ቀደድኩት።

ያሉኝን ቅባት ከባቲ የሚመጣ ሰው ይዞልኝ መጥቷል፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። ሲተኙ ነው የሚታሹት።

በትንንሹ የጻፍኩትን አሁን በትልቁ እጽፈዋለሁ፤ መነጽርዎን አያሳብቡብኝ። እኔ ከምሠራበት ምግብ ቤት አጠገብ ጎሚስታ አለ። በላይ ይባላል፣ የወልድያ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የጅቡቲ መኪና ጎማ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ትዳር ጠይቆኛል። እትዬ፣ በድብቅ የሠራሁት አንዳች ነገር የለም፤ ቡና እንኳ አብረን የምንጠጣው በሰው ፊት ነው። ባለ ባል ነኝ ስለው “ይመጣል ካልሽ አብሬሽ እጠብቀዋለሁ፤ አይመጣም ካልሽ አግቢኝ” አለኝ። የቱን እንደምመልስለት አጣሁ።

እዚህ የመጣሁት ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ወደ ባሕሩ የሚሄደውም ከባሕሩ የሚመለሰውም በዚህ ያልፋልና ይታገሱን ያየ እንዳለ ልጠይቅ ነበር። እንጀራው በኋላ የመጣ ነው። ስንቱን ጠየቅኩ! አሁን ሰው “ባልሽስ?” ሲለኝ አፌ ይያያዛል። ሚስት ነኝ እንዳልል ባል የለኝም፣ የሙት ሚስት ነኝ እንዳልል ያለቀሰለት የለም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። የይታገሱን እርም እናውጣ። እርሙ ሳይወጣ፣ እርስዎም ሳይፈቅዱ እኔ ሰው አላገባም። ይህን ለበላይም ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሽመላዎች በአስፋልቱ ላይ ወደናንተ አቅጣጫ ሲያልፉ አይቼ አለቀስኩ።

ምራትዎ ህሊና


መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለህሊና፣

ቅባቱ ደርሶኛል። አልታሸሁበትም።

እርም የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው። ማን ሞተ? ልጄን የቀበረ አለ? ሬሳውን ያየ አለ? የጎረምሶቹን ይገባኛል፤ እነሱ የሚፈልጉት ሽንኩርት ነው፣ በልጄ ሞት ጨፌው ባለቤት አልባ ይሆንላቸዋል። አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ጎሚስታ ነው። ሁላችሁም ይሞትላችሁ ዘንድ ተማክራችሁ የመጣችሁብኝ መሰለኝ።

እኔ ድንኳን የጣልኩ ለት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። በትሩ ከግድግዳ ይወርዳል፣ ጨፌው ይቀደዳል፣ እነዚያ ከስንት ባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ማረፊያ ያጣሉ። ልጄም ቢመጣ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ይህን ሁሉ የማፈርሰው በምን ማስረጃ ነው?

የምታውቂው ካለ ጻፊው። የማታውቂው ከሆነ ግን ልጄን በወረቀት አትግደይብኝ።

ወርቅነሽ


ሎጊያ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅነሽ፣

ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ተቆጥተው የጻፉትን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እውነት አለዎት።

የማውቀው አለ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር።

አማን የሚባል የውርጌሳ ልጅ ባለፈው ክረምት ከዓረብ አገር ተመልሶ በዚህ ሲያልፍ አገኘሁት። እነ ይታገሱ ከባሕሩ ዳር ብዙ ቀን አብረው ነው የቆዩት። ያንን በማንኪያ የሚያስመስለውን እዚያም ያደርግላቸው ነበር አለኝ፤ ራበን ጠማን እያሉ በሱ ይስቁ ነበር። የተሳፈሩት በሁለት ጀልባ ነው። የይታገሱ ጀልባ ቀድማ ወጣች። የአማን ማዶ ደረሰች፣ የይታገሱ አልደረሰችም። በነጋታው ባሕሩ የመለሳቸውን ሰዎች እዚያው አሸዋ ላይ ሲቀብሩ አማንም አብሮ ቆፍሯል። ይታገሱን በሹራቡ አወቀው፤ እርስዎ የሠሩለት፣ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የጠገኑት ሹራብ። ያንን ለማንም አልነገርኩትም ነበር፣ እሱ ነው የነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ለእርስዎ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ! ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ጆሮዎ። ይህን ግን እጄ እምቢ አለኝ። እርስዎ በትሩን ይዘው ጨፌው ዳር መቆምዎን ባሰብኩ ቁጥር እኔ ማን ነኝና ከእጃቸው የምነጥቀው እላለሁ። የፈለግሁት እርሙ በእኔ ምክንያት እንዲወጣ ነበር፤ አግብታ ልትሄድ ነው ብለው ቢቀየሙኝ ይሻላል፣ ይህንን ከሚያውቁ። አሁን ሁለቱንም አደረግሁብዎት።

በላይን አይሆንም ብዬዋለሁ። ጨፌውን አይንኩት፣ ድንኳንም አይጣሉ። እንደነበርን እንሁን። እኔም ዝም እላለሁ።

ጥፋተኛዋ ህሊና


መርሳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለህሊና፣

ደብዳቤሽን ቢኒያም ሲሰጠኝ ፊቱን አዞረ። አንብቦት አይደለም፣ አንቺ ስትሰጪው ምን ሆነሽ እንደነበር አይቶ ነው። አብሽሪ ልጄ። ጥፋተኛ አይደለሽም።

እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ይታገሱ የሄደ ለት “ማዶ እንደደረስኩ እደውላለሁ እማ፣ ስልኩን ካጠገብሽ አታርቂው” ብሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት ጆሮዬ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ፈራሁ፤ ኋላ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ወደድኩት። ለምን መሰለሽ? ጆሮዬ ደህና ሆኖ ስልኩ ዝም ቢል ልጄ አልደወለም ማለት ነው። ደንቆሮ ከሆንኩ ግን ደውሎ ይሆናል። ደውሎ ደውሎ፣ እናቴ አልሰማ አለችኝ ብሎ ይሆናል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ እያልኩ አራት ዓመት ኖርኩ። ደሴ ሂጂ ስትይኝ የምቆጣሽ ለዚህ ነበር። ጆሮዬን ካዳኑት ልጄን ይገድሉብኛል።

ስለዚህ ነጠቅኳቸው ብለሽ አታልቅሺ። አውቄዋለሁ ልበል ወይስ አላውቀውም ነበር ልበል፣ ለራሴም አልተለየኝም። ሹራቡን ስታነሺልኝ ግን ክሩ ትዝ አለኝ። የሹራቡን ቀለም ያጣሁት ከመርሳ ገበያ ነው፤ “ማን ክርኔን ያያል” ብሎ ሳቀብኝ። አማን አየው። የቀበሩትን እጆች እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ እኔን ወክለው ነው አፈር ያለበሱት።

ትናንት ጨፌው ዳር ወረድኩ። ዳክዬዎቹ ከሱ ድርሻ ውስጥ አንድ ባንድ ወጡ። በትሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሙባረክ ከማማው ወርዶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ድንጋይ እንኳ ሲከብድ ይወረወራል፣ እኔ ይህን የት ልጣለው ልጄ?

በላይን አይሆንም ያልሽውን ቃልሽን መልሺው። ቆይ ጠብቀኝ በይው እንጂ ሂድ አትበይው። ጥምቀት ይለፍ።

እናትሽ


ሎጊያ፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅነሽ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎት አላውቅም። ነፍስ ይማር ልበልዎት? እርስዎስ ለእኔ ነፍስ ይማር የሚሉኝ መቼ ነበር?

የባሌን ለቅሶ ከሾፌር አፍ ሰማሁ። ቢኒያም ከመኪናው ሳይወርድ ባርኔጣውን አውልቆ “እግዚአብሔር ያጥናሽ” አለኝ፣ ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኩት። ማን ሞተ ብዬ! እዚያው በጎማዎቹ መካከል ነው የተቀመጥኩት። በላይ ሱቁን ዘጋ፣ የምግብ ቤቱ ሴቶች መጡ፣ ይታገሱን በዓይናቸው ያላዩት ሰዎች ከበውኝ አለቀሱ። የኔ ቦታ እዚህ ነበር? ከእርስዎ ጎን አልነበረም?

ከቢኒያም አፍ ሁሉንም አወጣጣሁ። ቅሬው እድርተኛውን ሰብስቦ ድንኳኑን እንደጣለ፣ አልጋ ላይ የይታገሱን ቦቲ ጫማና በትሩን እንዳስቀመጡት፣ ከሐራ ድረስ ሰው እንደመጣ፣ እነ ሙባረክም ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ እንዳልወጡ ነገረኝ። እርስዎ አላለቀሱም አለኝ፣ ቦቲውን ብቻ በነጠላዎ ጫፍ ሲጠርጉ ዋሉ አለ።

ከሁሉ የገደለኝ የሣልስቱ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ “ምን ጎደለብሽ? ምን እናድርግልሽ?” ብለው ሲጠይቁዎት፣ ለሐዘንተኛ ያን ለት ቃሉ እንደማይነፈገው ያ ሁሉ ሰው ያውቃል። ጨፌውን ልትለምን ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ። ጎረምሶቹ እንኳ መሬት መሬት ያዩ ነበር አለኝ። የሚፈቀድልዎት አንድ ቃል ብቻ ነው። እርስዎ ግን ለእኔ ጠየቁ። “ህሊና ከዛሬ ጀምሮ ምራቴ አይደለችም፣ ልጄ ናት። ከቤቴ እድራታለሁ። ይህን ድንኳን የጣለ ቅሬ ዳሷን ይጣልልኝ” አሉ።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ያለዎት እሱ ብቻ ነበር። እኔ ጎሚስታ ባገባ ባላገባ ሎጊያ አይፈርስም፤ ያ ጨፌ ግን የይታገሱ ነበር፣ የእርስዎም መዋያ። አሁን ጠዋት ተነሥተው ወዴት ይወርዳሉ? ይህን አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። ተመልሰው ይንገሯቸው፣ ቃሌን ቀይሬያለሁ ይበሏቸው። እለምንዎታለሁ።

ህሊና


መርሳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! ለልጄ ለህሊና፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ፋሲካን እንዴት ዋልሽ? በላይስ? ሦስት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ዝም ስላልኩሽ ይቅር በይኝ። ጾሙን ሙሉ መጻፍ አልሆነልኝም፤ ልጀምር እልና ወሬው ሁሉ የሚያስለቅስ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ለለቅሶው ለምን አልጠራሽኝም ላልሽው፣ በባሏ እርም ላይ የተቀመጠች ሴት ዓመት ጥቁር ትለብሳለች። አንቺ አራት ዓመት ለብሰሽ ጨርሰሻል፣ ማንም ሳያይልሽ። ሌላ አምስተኛ እንዲጨምሩብሽ አልፈለግሁም። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ለት ፊትሽን ባየው ኖሮ አልችልም ነበር። ለራሴም ብዬ ነው።

ቃልሽን ቀይሪ ላልሽው፣ ወይ ልጄ! ለሞተ ልጅ ጨፌ ይዤለት ላለች ልጄ ቤት ልንፈግ? የሣልስቱ ለት ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ጨፌው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ቦቲውን አየሁት። ባዶ ነው። ማን ይጠብቅበታል? ቃሌ አንቺን ብሎ ወጣ፣ አልተጸጸትኩም። ከፋኝ እንጂ አልተጸጸትኩም፤ ይህን ለይተሽ እወቂልኝ።

ጎረምሶቹ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እንግዳ ሳይሸኝ ቤት አይፈርስም ብለው ወፎቹ እስኪሄዱ ጠበቁ። ሽመላዎቹ የካቲት ሳያልቅ ተነሡ። ሦስት ጊዜ ከላይ ዞሩና በሐራ በኩል ሄዱ። መጋቢት ሲገባ ፓምፑ ወረደ። ከላይኛው በኩል ነው የጀመሩት፤ አሁን እስከ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ጥቅምት ሲመጡ ምን እንደሚያገኙ እንጃ። ሙባረክ አላህ ያውቃል ይላል፣ እኔም ከሱ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሞት ይርሳኝና ደሴ ሄጄ ነበር። ቢኒያም ነው የወሰደኝ። ከጆሮዬ ኋላ ትንሽዬ መስሚያ አደረጉልኝ። ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ የሰማሁት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ፓምፑን። ወፎቹ ከሄዱ በኋላ ነውና አራት ዓመት በዓይኔ ብቻ ያየሁትን መንቆራቸውን አልደረስኩበትም። ስልኩም ካጠገቤ ነው። ዝም ሲል አሁን ዝም ማለቱን እሰማዋለሁ። አይዞሽ፣ ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን አትደውይ፣ እስክትመጪ ጻፊልኝ፤ ሲጮኽ ልቤ ይደነግጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሠርግሽ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ነው። ቅሬው ቃሉን ጠብቆ ግንዱን ከትናንት ጀምሮ እየተከለ ነው። በላይን አምጪልኝና ልየው፤ ጎማ የሚያስር እጁን አጥቦ ይምጣ በይው። የሙሽራ እናት ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ካለ እኔ ነኝ። እትዬ እያልሽ ደግሞ በሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።

የይታገሱ ድርሻ ታችኛው ጫፍ ነውና ውሃው እዚያ ገና አልደረቀም፣ ጎረምሶቹም እስካሁን አልነኩልኝም። ቅዳሜ ማታ አጭደዋለሁ ብያቸዋለሁ፣ እሺ አሉኝ። ማጭዱን ሙባረክ ስሎልኛል። የመጀመሪያው ማጭድ ነው፣ የመጨረሻውም። አራት ዓመት የቆመ ነውና ረጅም ነው፣ ዳክዬዎቹ ተኝተውበት ለስልሷል። ከዳሱ ደጃፍ እስከ ውስጥ እጎዘጉዘዋለሁ።

አውቅሻለሁ፣ የሱ ነው ብለሽ ደጃፉ ላይ ትቆሚያለሽ። እንዳትቆሚ። እንዳትዘይውም። ረግጠሽው ግቢ፣ ልጄ።

እናትሽ ወርቅነሽ